ፓይን ማርተን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰው ስለዚህ እንስሳ ደጋግሞ የሚጠይቀውን ከቀላሉ ጀምሬ ወደ አጨቃጫቂው ደርድሬዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ወቅቶቹም የአውሮፓ ናቸው፤ ጸደይ ስል ከማርች እስከ ሜይ፣ በጋ ስል ከጁን እስከ ኦገስት ያለውን ሞቃት ጊዜ ማለቴ ነው።

ፓይን ማርተን ምንድን ነው?

ጫካ ውስጥ የሚኖር፣ ዛፍ መውጣት የተካነ፣ ሥጋም ፍራፍሬም የሚበላ ትንሽ አጥቢ እንስሳ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ማርቴስ ማርቴስ ይባላል። ምን እንደሚመስል ለማወቅ ቀጠን ያለች ድመት አስቡ። እግሯን አሳጥሩት፣ ወገቧን ሳብ አድርጉት፣ ጆሮዋን ክብ አድርጉት፣ ከኋላ ደግሞ ጎፈር ያለ ጭራ ቀጥሉባት። በቃ፣ ማርተን ሆነች።

ፀጉሩ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። ጉሮሮውና ደረቱ ላይ ግን ከነጣ ቢጫ እስከ ብርቱካናማ የሚሄድ ምልክት አለው፤ ሕፃን ልጅ ሲበላ አንገቱ ላይ የሚታሰርለትን ጨርቅ ይመስላል። ሰውነቱ 50 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲሆን ጭራው ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ይጨምርለታል። ክብደቱ ግን ከ1 እስከ 2 ኪሎ ነው፣ ወንዱ ከሴቷ ይከብዳል። ፎቶ ላይ ግዙፍ የሚመስለው ፀጉሩ ስለሚያሳብጠው ነው፣ በተለይ በበረዶው ወራት።

ሽለምጥማጥ ማለት ነው እንዴ?

አይደለም። ግን የሚያምታታ ስለሆነ የጠየቀ ሰው አይፈረድበትም። ሁለቱም ቀጫጭን ናቸው፣ ሁለቱም ዛፍ ይወጣሉ፣ ሁለቱም ማታ ማታ ይዞራሉ፣ ሁለቱም የዶሮ ጠላት ተብለው ስማቸው ጠፍቷል። ዘራቸው ግን ይለያያል። ሽለምጥማጥ የጥርኝ ዘመድ ነው። ማርተን ደግሞ ዊዝል፣ ኦተር፣ ባጀርና ዎልቨሪን ያሉበት ሙስቴሊዴ የሚባል ቤተሰብ ውስጥ ነው።

በዓይን ለመለየት ቀላል ነው። ሽለምጥማጥ ነጠብጣብ አለው፣ ጭራው ላይ ደግሞ ቀለበት ቀለበት ይታያል። ማርተን ከጉሮሮው ምልክት በቀር ወጥ ቡናማ ነው። በነገራችን ላይ ሽለምጥማጥ በስፔንና በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይም ስላለ ሁለቱ አንድ አገር ውስጥ የሚኖሩበት ቦታ አለ።

የት የት ይገኛል?

በአብዛኛው አውሮፓ። ከአየርላንድና ከብሪታንያ ተነስቶ እስከ ምዕራብ ሳይቤሪያ፣ ከስካንዲኔቪያ እስከ ጣሊያንና ሰሜን ስፔን ድረስ አለ። በቱርክ፣ በካውካሰስና በሰሜን ኢራንም ይኖራል። ኮርሲካ፣ ሰርዲኒያና ማዮርካን የመሳሰሉ የሜዲትራኒያን ደሴቶች ላይም ይገኛል።

ፓይን ማለት የጥድ ዓይነት ዛፍ ስለሆነ ሰው የሚኖረው ጥድ ጫካ ውስጥ ብቻ ይመስለዋል። ስሙ ነው ያሳሳተው። ቅጠለ ሰፊ ጫካ ውስጥም፣ ቋጥኝ በበዛበት ተራራ ላይም በደንብ ይኖራል። የሚያስፈልገው የሚሸሸግበት ነገር ነው፣ በተለይ ቀዳዳ ያለው ያረጀ ዛፍ። ገላጣ ሜዳ አይወድም፣ ምክንያቱም እዚያ ቀበሮና ንስር አሉ።

ምን ይበላል?

ምን የማይበላው አለ ብሎ መጠየቅ ይቀላል። ስለ ማርተን አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህችን ያዙ፦ ማርተን የሚበላው በዚያ ሰሞን በቀላሉ የሚገኘውን ነው። ከታች የምታነቧቸው ጭቅጭቆች ሁሉ፣ የዶሮውም፣ የስኩዊረሉም (ዛፍ ላይ የሚኖር ጭራው ጎፈር ያለ አይጥ መሰል እንስሳ)፣ የካፐርኬይሊውም (ትልቅ የጫካ ወፍ)፣ ምንጫቸው ይሄ ነው።

በብዙ ቦታ ዋናው ምግቡ ቮል የሚባሉት ጭራ አጭር የመስክ አይጦች ናቸው። በተጨማሪ ወፍ፣ እንቁላል፣ እንቁራሪት፣ ጢንዚዛ፣ የሞተ አጋዘን ሥጋ ይበላል። የተርብና የዱር ንብ ጎጆ ቆፍሮ እጩንም ማሩንም ይልሳል። በበጋው ማብቂያ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ብሉቤሪና ሌሎች የዱር ፍሬዎች ሲበስሉ ይሄ ስለታም ጥርስ ያለው አዳኝ ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጦ ፍሬ ይለቅማል። ኩሱ ራሱ ወደ ሰማያዊ ወይ ሐምራዊ ይቀየራል።

ጣፋጭ ነገር ላይ ደግሞ አይቻልም። በስኮትላንድ ገጠር አንዳንድ ሰዎች መስኮታቸው ላይ ማርማላታ የተቀባ ዳቦ፣ ለውዝና ጥሬ እንቁላል ያስቀምጡለታል። ሲመሽ ይመጣል። እንቁላሉን በጥርሱ ሳይሰብር ይይዝና ይዞት ይሄዳል፣ ተመልሶ ማርማላታውን ይልሳል፣ ዳቦውን ብዙ ጊዜ ለመጨረሻ ያስቀረዋል። ምርጫ ካገኘ የሚያማርጥ እንስሳ ነው።

ዛፍ ላይ እንደዚያ የሚሯሯጠው እንዴት ነው?

ሚስጥሩ እግሩ ላይ ነው። ጥፍሮቹ ረጃጅምና ቆልመም ያሉ ናቸው፣ በከፊልም ወደ ውስጥ መግባት ይችላሉ። የፊት እግሮቹ ጠንካራ ስለሆኑ ግንዱን አቅፎ ይወጣል። የኋላ እግሮቹ ደግሞ ከቁርጭምጭሚቱ ይዞራሉ። ለዚህ ነው ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ግንድ ላይ ወርዶ የሚመጣው። ድመት ከዛፍ ስትወርድ አይታችሁ ከሆነ ልዩነቱ ይገባችኋል፤ እሷ በቂጧ እየጎተተች፣ እያለቀሰች ነው የምትወርደው። ማርተን ሲወርድ የኋላ እግሮቹ መዳፍ ወደ ላይ ዞሮ ቅርፊቱን እንደ ሜንጦ ይዞት ታያላችሁ፣ የፊቶቹ ደግሞ ነፃ ሆነው ቀጣዩን መርገጫ ይፈልጋሉ።

ጭራው ሚዛን ይጠብቅለታል። ከዛፍ ወደ ዛፍ ሜትሮች ይዘላል። ቢወድቅም አየር ላይ ተገልብጦ በእግሩ ማረፍ ይችላል። በብርዱ ወራት መዳፉ ሥር ሳይቀር ፀጉር ስለሚያበቅል በረዶ ላይ እንደ ጫማ ያገለግለዋል። ይሄ ሁሉ ሆኖ ግን ብዙውን አደኑን የሚያደርገው መሬት ላይ ነው፣ ምክንያቱም አይጦቹ ያሉት መሬት ላይ ነው።

ቀን ነው የሚወጣው ማታ?

በአመዛኙ ማታና ሲነጋጋ። በበጋ ሌሊቱ አጭር ስለሆነና እናቶች ልጅ ስለሚያበሉ ቀንም ይታያል። በበረዶው ወራት ይተኛል የሚባለው ትክክል አይደለም። እንቅስቃሴ ይቀንሳል እንጂ ወራት ሙሉ አያንቀላፋም።

ጎጆው ምን ይመስላል?

ጎጆ ሠርቶ አያውቅም ብል ማጋነን አይሆንም። ሌላው የሠራውን ነው የሚወርሰው። ጥቁር ግንደ ቆርቁር ፈልፍሎ የተወው ቀዳዳ፣ የስኩዊረል ጎጆ፣ የትልቅ ወፍ ጎጆ፣ በነፋስ የወደቀ ዛፍ ሥር፣ የቋጥኝ ስንጥቅ ያድርበታል። ባለቤቱ ቤት ውስጥ ከተገኘ ባለቤቱም እራት ሊሆን ይችላል።

ችግሩ የዛሬ ጫካ ወጣት ነው። ዛፉ ሳያረጅ ይቆረጣል፣ ስለዚህ ቀዳዳ አይኖረውም። ለዚህ ሲባል በስኮትላንድ፣ በዌልስና በአየርላንድ የጥበቃ ሰዎች ለማርተን ተብሎ የተሠራ የእንጨት ሳጥን ዛፍ ላይ ይሰቅላሉ፣ ሴቶቹም ይወልዱበታል።

በአካባቢው ማርተን እንዳለ በምን ይታወቃል?

እሱን ከማየት ኩሱን ማየት ይቀላል። ጠቆር ያለ፣ ቀጭን፣ የተጠማዘዘ ነው። ብዙ ጊዜ መንገድ መሃል ወይ ድንጋይ አናት ላይ ያኖረዋል፣ ይሄም ቦታው የኔ ነው ማለቱ ነው። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት የጢንዚዛ ክንፍ፣ የአይጥ ፀጉር፣ የፍሬ ዘር ታገኛላችሁ። ሽታው ከቀበሮው ጋር ሲወዳደር የሚቻል ነው፣ እንዲያውም ጣፈጥ ያለ ነገር አለው የሚሉ አሉ። ድሮ እንግሊዞች ማርተንን ጣፋጩ፣ ፖልካት የሚባለውን ዘመዱን ደግሞ ግማታሙ ብለው የሚለዩት በጠረናቸው ነበር።

ግን በኩስ ብቻ አትማሉ። በዘረመል ምርመራ ሲጣራ ልምድ ያላቸው ሰዎች ሳይቀሩ የቀበሮን ኩስ የማርተን ብለው ሲሳሳቱ ተገኝቷል። አስተማማኙ በእንቅስቃሴ የሚቀሰቀስ ካሜራ ዛፍ ላይ ማሰር ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ምግብ ተሰቅሎ እንስሳው በኋላ እግሩ ሲቆም የጉሮሮው ምልክት በደንብ ይታያል። የዚያ ምልክት ቅርጽ ደግሞ ከአንዱ ማርተን ወደ ሌላው ስለሚለያይ እንደ ጣት አሻራ ነው፤ ተመራማሪዎች እየቆጠሩ ያሉት ስንት ማርተን እንደሆነ የሚያውቁት በሱ ነው።

እርግዝናው ከስምንት ወር በላይ የሚቆየው ለምንድን ነው?

አይቆይም፣ እንደዚያ ይመስላል እንጂ። ነገሩ እንዲህ ነው። ማርተኖች የሚገናኙት በጁላይና በኦገስት ነው። የምትወልደው ግን በማርችና በኤፕሪል ነው። ለሁለት ኪሎ የማይሞላ እንስሳ ይሄ ጉድ የሚያሰኝ ጊዜ ነው።

የሆነው ምንድን ነው፣ ጽንሱ ትንሽ የሴል ክምር እንደሆነ እድገቱን ያቆምና ማህፀን ውስጥ ሳይጣበቅ ወራት ይቆያል። ቀኑ መርዘም ሲጀምር ነው ማህፀኑ ግድግዳ ላይ የሚያርፈው። ከዚያ በኋላ ያለው እውነተኛው እርግዝና አንድ ወር አካባቢ ብቻ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ግንኙነቱ ምግብ በጠገቡበት በበጋ፣ ወሊዱ ደግሞ ልጆቹ ጫካው ሲሞቅና ሲጠግብ እንዲያድጉ በጸደይ ይሆናል። ባጀርም እንዲሁ ያደርጋል።

ብዙውን ጊዜ የሚወለዱት ሦስት ናቸው። ሲወለዱ ዓይናቸው የተዘጋ ሲሆን እያንዳንዳቸው 30 ግራም ገደማ ይመዝናሉ። ዓይናቸው የሚከፈተው አምስት ሳምንት አካባቢ ቆይቶ ነው። አባት የለም፣ ማለቴ አለ፣ ግን አያግዝም። ሴቷ ወልዳ የምታየው ሁለት ወይ ሦስት ዓመት ሲሞላት ነው፣ ያውም በዓመት አንዴ። ይሄን ቁጥር ልብ በሉልኝ፣ ታች ስለ ብሪታንያ ስናወራ እንፈልገዋለን።

ስንት ዓመት ይኖራል? እሱንስ ማን ይበላዋል?

ዱር ውስጥ ዕድለኛው 10 ዓመት ሊደርስ ይችላል፣ አብዛኛው ግን ከዚያ በጣም ቀድሞ ይሞታል። ሰው እጅ ላይ 18 ዓመት የኖረ አለ። ቀበሮ፣ ወርቃማ ንስር፣ ሊንክስና ትልልቅ ጉጉት ያድኑታል። መኪናም ይገድለዋል።

ሰው ይነክሳል? ቤት ውስጥ ማሳደግስ ይቻላል?

ሰው ሲያይ ይሸሻል። ከያዛችሁት ግን ይነክሳል፣ ጥርሱም መርፌ ነው። በማርች 2013 ስዊዘርላንድ ውስጥ የቱንና የዙሪክ ቡድኖች ሲጫወቱ አንድ ማርተን ሜዳ ገብቶ ጨዋታው ቆመ። የዙሪኩ ተከላካይ ሎሪስ ቤኒቶ ተወርውሮ ያዘውና ወዲያው ጣቱን ነከሰው። በመጨረሻ ይዞ ያስወጣው በረኛው ነው፣ ምክንያቱም ጓንት ያለው እሱ ነበር።

ማሳደጉን ተዉት። በብዙ አገር በሕግ የተጠበቀ እንስሳ ነው። ሕጉ ባይኖርም ብቸኛ፣ ሰፊ ግዛት የሚፈልግ፣ ቦታውን በጠረኑ ምልክት የሚያደርግና ሌሊቱን ሙሉ የሚዘል ፍጡር ሳሎን ውስጥ ምን ይሠራል?

የመኪና ሽቦ የሚበላው እሱ ነው?

ተጠርጣሪው ዘመዱ ነው፣ ስቶን ማርተን። እሱ ጉሮሮው ነጭ ነው፣ ምልክቱም ብዙ ጊዜ ወደ ፊት እግሮቹ ሁለት ቅርንጫፍ ያወጣል። ከሰው ጋር መኖር አይፈራም፣ ጣሪያ ሥርና መጋዘን ይወዳል። በጀርመንና በስዊዘርላንድ ኮፈን ከፍቶ የተበላ ጎማና ሽቦ ያገኘ ሰው ማንን እንደሚረግም ያውቃል። ወንዱ ሞተሩ ላይ የሌላ ወንድ ሽታ ሲያገኝ ይናደዳል፣ ንዴቱንም ሽቦው ላይ ይወጣል። ስለዚህ ሌላ ሰፈር አድሮ የመጣ መኪና የበለጠ ይጎዳል።

ታዋቂው ጉዳት ግን መኪና ላይ አይደለም። በኖቬምበር 2016 ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው የሰርን ምርምር ማዕከል አንድ ስቶን ማርተን አጥር ዘሎ 18,000 ቮልት ያለው ትራንስፎርመር ነካና የዓለማችንን ትልቁን የቅንጣት ማፋጠኛ መብራት አቋረጠበት። እሱም እዚያው ሞተ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ሌላ ትንሽ እንስሳ ተመሳሳይ ነገር አድርጎ ነበር። የኖቬምበሩ፣ ፀጉሩና ጺሙ እንደተለበለበ፣ ዛሬ ሮተርዳም በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ለእይታ ቀርቧል።

ዶሮዎቼን ፈጃቸው። አንዷን ብቻ በልቶ ሌሎቹን ለምን ገደለ?

ይሄ ነው ሰውን የሚያበሳጨው። አሥር ዶሮ ገድሎ አንዷን ይዞ ይሄዳል፣ ሰውም ለደስታው ነው የገደለው ይላል። ዱር ውስጥ ግን እንዲህ ዓይነት ነገር አያጋጥመውም። እዚያ አንዱን ሲይዝ ሌላው ይበራል። የዶሮ ቤት ውስጥ ማንም መብረር አይችልም፣ ሁሉም እየጮኸ ይራገባል፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ደግሞ የአደን ስሜቱን ደጋግሞ ይቀሰቅሰዋል። ጊዜ ቢያገኝ እየተመላለሰ ወስዶ ይደብቃቸው ነበር፣ ትርፍ ምግብ መደበቅ ልማዱ ነው።

መፍትሔው እሱን መግደል አይደለም፣ ግዛቱን ሌላ ማርተን ይይዘዋልና። መፍትሔው የዶሮ ቤቱ ነው። ጭንቅላቱ ከገባ ሰውነቱ ይከተላል፣ ስለዚህ 4 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሚያህል ክፍተት ይበቃዋል። ጣሪያ የሌለው አጥር ለሱ አጥር አይደለም። ጠንካራ የብረት መረብ፣ ከላይ የተሸፈነ፣ አጥሩ ላይ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ የተቆረጠለት፣ ሲመሽ በሩ የሚዘጋ ቤት ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ቢጨመር ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። እና በሩን መዝጋት! ብዙው አደጋ የሚደርሰው በሩ ተረስቶ ባደረበት ሌሊት ነው።

ኮርኒስ ውስጥ ገብቷል። ቀዳዳውን ልድፈን?

ቆዩ። በጸደይ ወራት ኮርኒስ ውስጥ የገባች ማርተን የመውለጃ ቦታ ፈልጋ የመጣች እናት ልትሆን ትችላለች። ቀዳዳውን ከደፈናችሁ ወይ እሷ ውጭ ልጆቿ ውስጥ ይቀራሉ፣ ወይ ሁሉም ውስጥ ይታሰራሉ። ሁለቱም ውጤቱ አስከፊ ነው፣ ለእነሱም ለቤቱ ሽታም። በብሪታንያና በአየርላንድ ደግሞ ሕገ ወጥ ነው። የአካባቢውን የዱር እንስሳት ባለሥልጣን አናግሩ፣ ልጆቹ አድገው እስኪወጡ ታገሡ፣ ባዶ መሆኑ ሲረጋገጥ ድፈኑት። ውጭ ዛፍ ላይ ሳጥን ብትሰቅሉላት በሚቀጥለው ዓመት ወደዚያ ልትሄድ ትችላለች።

የክሮኤሽያ ገንዘብ ላይ ምን ይሠራል?

ክሮኤሽያ እስከ 2022 መጨረሻ የተጠቀመችበት ገንዘብ ኩና ይባል ነበር። ኩና ማለት በቋንቋቸው ማርተን ነው። በመካከለኛው ዘመን ስላቮኒያ በምትባለው የክሮኤሽያ ክፍል ግብር ሲከፈል አንዱ መክፈያ የማርተን ቆዳ ስለነበር ነው ስሙ የቀረው። በጃንዋሪ 2023 አገሪቱ ወደ ዩሮ ስትገባ ማርተኑ የ1 ዩሮ ሳንቲሟ ላይ ወጣ።

ያውም ያለ ውዝግብ አልወጣም። መጀመሪያ የተመረጠው ንድፍ የአንድ ብሪታንያዊ ፎቶ አንሺን ሥራ ይመስላል ተብሎ በ2022 መጀመሪያ ላይ ወደቀና ሌላ ንድፍ ተመረጠ። ለአንድ ሺህ ዓመት ገደማ በቆዳው ሲነገድበት የኖረ እንስሳ መጨረሻ ላይ በፎቶው ማጨቃጨቁ ያስቀኛል።

ብሪታንያ ውስጥ ሊጠፋ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በመጀመሪያ ጫካው ተመነጠረ። ቀጥሎ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባለርስቶች ለተኩስ ስፖርት ወፍ ማርባት ያዙ፣ ጠባቂዎቻቸውም ወፍ ይበላል የተባለውን ሁሉ በወጥመድና በመርዝ ጨረሱት። ቆዳውም ዋጋ ነበረው። ሴቷ ዘግይታ እንደምትወልድ፣ ያውም በዓመት ሦስት ገደማ ብቻ እንደሆነ ቅድም ብለናል። አይጥ ቢሆን ይተካ ነበር፣ ማርተን ግን አልተካም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቀረው በዋናነት በሰሜን ምዕራብ ስኮትላንድ ተራሮች ነበር፣ በእንግሊዝና በዌልስ እዚህም እዚያም ከሚባሉ ጥቂቶች በቀር።

በአየርላንድ በ1976፣ በብሪታንያ በ1988 ሙሉ የሕግ ጥበቃ አገኘ። ከዚያ በኋላ በስኮትላንድ ራሱን ችሎ ተስፋፋ፤ አሁን ወደ 3,700 ይገመታል። ወደ ደቡብ ግን በእግሩ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ሊፈጅ ስለሆነ ሰው አጓጓዘው። ከ2015 እስከ 2017 ቪንሰንት ዋይልድላይፍ ትረስት የሚባል የጥበቃ ድርጅት 51 ማርተኖችን ከስኮትላንድ ወደ መካከለኛው ዌልስ ወሰደ። ከ2019 እስከ 2021 ደግሞ 35 እንግሊዝ ውስጥ ወዳለው ፎረስት ኦፍ ዲን ጫካ ሄዱ። በ2024 በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ዳርትሙር ላይ 15 ተለቀቁ።

አለቃቀቁ ራሱ ጥበብ አለው። ከሳጥኑ አውጥተህ ሂድ ብትለው ደንግጦ ኪሎ ሜትሮች ይሮጣል። ስለዚህ ጫካው ውስጥ በተሠራ ጊዜያዊ አጥር ውስጥ መኝታ ሳጥንና ምግብ ተደርጎለት ለጥቂት ቀናት ይቆያል፣ አንገቱ ላይ የሬዲዮ ማሰሪያ ይደረግለታል፣ ከዚያ አንድ ምሽት በሩ ዝም ብሎ ክፍት ይተዋል። ሲፈልግ ይወጣል። ምግቡ እዚያው ስለሚቀመጥለት ሲርበው ተመልሶ ይመጣል።

ግራጫውን ስኩዊረል አጥፍቶ ቀዩን ያድናል የሚባለውስ?

እዚህ ላይ ትንሽ እንረጋጋ። ወሬው እውነት አለው፣ ግን ከሚወራለት ያነሰ ነው።

መነሻው ይሄ ነው። ግራጫው ስኩዊረል የሰሜን አሜሪካ እንስሳ ነው። እንግሊዝ በ1876፣ አየርላንድ በ1911 አምጥተው ለቀቁት። ብዙ ይወልዳል፣ የዛፍ ቅርፊት ይልጣል፣ ራሱን የማይጎዳውን ግን ቀዩን የሚገድለውን የፈንጣጣ ዓይነት ቫይረስ ይሸከማል። ቀዩ እየተገፋ መጣ። ከዚያ በአየርላንድ መሃል አገር፣ በሌይሽና በኦፋሊ፣ ማርተን ሲበዛ ግራጫው ጠፍቶ ቀዩ እንደተመለሰ በ2014 የወጣ ጥናት አሳየ። በ2018 የወጣው የስኮትላንድ ጥናትም ያንኑ ደገመ፦ ማርተን በሚያዘወትረው ቦታ ቀዩ ይበዛል፣ ግራጫው ያንሳል።

ለምን? የሚዘወተረው መልስ ቀዩ ቀላል ስለሆነ ማርተን የማይደርስበት ቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ያመልጣል የሚል ነው። ለጆሮ ደስ ይላል። እኔ ግን ብዙም አልተዋጠልኝም፣ ማርተን ስኩዊረልን ጎጆው ውስጥ እንደተኛ ሊይዘው ይችላልና። የበለጠ የሚያሳምነኝ የሽታው ሙከራ ነው። የስኩዊረል መመገቢያ ላይ የማርተን ሽታ ሲቀባ ቀዩ ይርቃል፣ ቢመጣም ቀና እያለ ዙሪያውን ይቃኛል። ግራጫው ምንም እንዳልተፈጠረ ለውዙን ይፈለፍላል። ቀዩ ከማርተን ጋር ሺህ ዘመናት አብሮ ስለኖረ ያውቀዋል፣ ግራጫው አያውቀውም። በዚያ ላይ ግራጫው ወፍራምና ብዙ ጊዜውን መሬት ላይ የሚያሳልፍ ነው። ቀላል እራት ማለት ይሄ ነው።

አሁን ወደ ግን እንምጣ። ማርተን ቀዩንም ይበላል፣ ካገኘው። ማርተን ከተማ መሃልና መናፈሻ ውስጥ መኖር አይወድም፣ ግራጫው ደግሞ እዚያ ተመችቶታል። ስለዚህ ከተማው ለግራጫው መጠለያ ይሆናል፣ እዚያ ሰው ራሱ መሥራት ያለበትን ማርተን አይሠራለትም።

ብርቅ የሆነ ወፍ እንቁላል እየበላ እንዴት ይጠበቃል?

ጥያቄው የሚመጣው ከስኮትላንድ ነው። ካፐርኬይሊ የሚባል፣ ተርኪ የሚባለውን ትልቁን የዶሮ ዘመድ የሚያህል የጫካ ወፍ አለ፣ ጎጆውን መሬት ላይ ነው የሚሠራው። በስኮትላንድ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጠፍቶ በ1837 ከስዊድን ተመልሶ የመጣ ነው። አሁንም ጥቂት መቶዎች ብቻ ቀርተዋል። ማርተን እንቁላሉን ያገኘዋል፣ ይበላዋል። ሁለቱም በሕግ የተጠበቁ ናቸው። አንዱን ለማዳን ሌላውን ግደል የሚል ድምፅ በየጊዜው ይነሳል።

ማርተን ንጹሕ ነው አልልም፣ እጅ ከፍንጅ በካሜራ ተይዟል። ግን ወፉን የጎዳው እሱ ብቻ አይደለም። ጫካው ተቆራርጧል፣ ለአጋዘን የታጠረው ሽቦ ላይ ወፎቹ እየተጋጩ ይሞታሉ፣ ጫጩት በሚፈለፈልበት ወቅት የሚጥለው ዝናብ ጫጩቶቹን ይጨርሳል፣ ሰውና ውሻ ይረብሻቸዋል። ማርተኑን ማንሳት ይሄን አያነሳም።

በስኮትላንድ በኬርንጎርምስ ተራሮች የተሞከረው መንገድ ለኔ ብልህ ነው። ወፎቹ እንቁላል በሚታቀፉበት ሰሞን ጫካው ውስጥ በየቦታው የአጋዘን ሥጋ ተቀመጠ። ለመፈተሻ ደግሞ የዶሮ እንቁላል የተደረገባቸው ሰው ሠራሽ ጎጆዎች ተዘጋጁ። ሥጋ የቀረበበት አካባቢ ማርተን የዘረፋቸው ጎጆዎች በእጅጉ አነሱ። ማንም አልተገደለም። ማርተኑ በተለመደው ሰዓት ከዛፉ ዘቅዝቆ ወረደ፣ አፍንጫው ሥር የተቀመጠለትን ሥጋ አገኘ፣ ጠግቦ ወደ ቀዳዳው ተመለሰ፣ ጎጆውም ሳይነካ አደረ።